የጋሽ ደባልቄ ጉንፋን

ጣዝማ ከተማ ውስጥ ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» የሚለው ቧንቧው ነው። ከጣሪያው እንደ ዝሆን ኩምቢ ተጠምዝዞ ይወርድና ካስነጠሰው ሰው አፍንጫ ፊት ያለውን አየር ስቦ፣ በለዘበ ድምፅ ይማርህ ወይም ይማርሽ ብሎ፣ ወደ መጣበት ይመለሳል። ልጆች ሆን ብለው ያስነጥሱበታል። ትልልቆቹ ግን ከመልመዳቸው ብዛት ወሬያቸውን እንኳ አያቋርጡም፤ ፊታቸውን ትንሽ ዞር አድርገው ለቧንቧው ቦታ ይለቁለታል።

የከተማው ሰው ይህን ቧንቧ «መጣጩ» ይለዋል። መጣጩ የሳበውን አየር መርምሮ ቫይረስ ካገኘበት የሚናገረው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለከተማዋ የጤና ኃላፊ ለዶክተር ትርንጎ ቢተው።

ጣዝማ የምትገኘው ከማርስ መሬት በታች ነው። ስሟን ያወጡላት የመጀመሪያዎቹ ቆፋሪዎች ናቸው፤ መሬት ውስጥ ገብታ ማሯን የምትሠራውን ትንሽ ፍጡር አስበው። ከላይ ቀይ አቧራና የሚገድል ብርድ አለ። ከታች ግን ጎዳና አለ፣ የጎመን እርሻ አለ፣ ትምህርት ቤት አለ፣ ሁለት ዳቦ ቤቶችና የማንኛው ዳቦ ይሻላል የሚል የማያልቅ ክርክር አለ። ከነዋሪዎቿ ግማሽ ያህሉ እዚያው የተወለዱ ልጆች ናቸው። ምድርን አያውቋትም፤ የምድርንም ጉንፋን አያውቁትም። ትርንጎ እንደዚያ ብላ ታምን ነበር።

«ሰረገላ» የምትባለው መርከብ ከምድር የምትመጣው በሁለት ዓመት አንዴ ነው። ዘንድሮ ካመጣቻቸው ሰዎች አንዱ አቶ ቢተው ናቸው፤ የትርንጎ አባት። ልጃቸውን ወደ ማርስ ሲሸኟት «ቅደሚ፣ ጡረታ ስወጣ እከተልሻለሁ» ብለዋት ነበር። ጡረታ ወጡ። ከዚያ ጉልበቴን ልታከም፣ ከዚያ የጎረቤት ልጅ ሠርግ ይለፍ፣ ከዚያ ደግሞ ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ስለሆነ ጓሮዬን ልይ እያሉ አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ። አሁን መጥተዋል። ከልጃቸው የሚለያቸው አንድ የብረት በር ብቻ ነው። በሩ ተቆልፏል፤ የቆለፈችውም ራሷ ትርንጎ ናት።

ነገሩን ያመጡት ዶሮዎች ናቸው። ጣዝማ ዶሮ ላኩልን እያለች ምድርን ስትወተውት ኖራ፣ በመጨረሻ ሲላክላት ዶሮዎቹ አዲስ ኢንፍሉዌንዛ ይዘው መጡ። ከዚህ በፊት ሰው ይዞ የማያውቅ ዓይነት ነው። መንገድ ላይ ከዶሮ ወደ ጠባቂያቸው፣ ከጠባቂያቸው ወደ ተሳፋሪው ተሻገረ። የሞተ ሰው የለም። ግን ከወጣቶቹ ሁለቱ የተረፉት በኦክስጅን ነው፤ ዶሮዎቹም አንድ ሳይቀር አለቁ። ጣዝማ ውስጥ ከሰዎቹ ይልቅ ለዶሮዎቹ ያዘነ ሰው ነበር ብንል ብዙም አንዋሽም።

ትርንጎ የመርከቧ ሐኪም የላከውን የተሳፋሪዎቹን የደም ውጤት ከረዳቷ ከኢብሳ ጋር ታይ ነበር። ኢብሳ መሣሪያ አዋቂ ነው፤ ወሬም ያውቃል።

«አየህ፣» አለችው፣ «ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ካርታ ይጫወታሉ። ጎረምሶቹ ገና አልጋ ላይ ናቸው። የተገላቢጦሽ አይደለም?»

«ሽማግሌ ጠንካራ ነው።»

«ጥንካሬ አይደለም። የመጀመሪያ ሽፋናቸውን እየው።»

ሽፋን የምትለው «አስታዋሽ» የሚያሳየውን ነው። አስታዋሽ ትርንጎ ለዓመታት የለፋችበት፣ ሥራ ከጀመረ ገና ወራት የሆነው መሣሪያ ነው። አንድ ጠብታ ደም ሲሰጡት የሰውየው ሰውነት ከልጅነቱ ጀምሮ የትኛውን ጉንፋን መቼ ገደማ እንደተዋጋ፣ እንደ ሽንኩርት ሽፋን በሽፋን ደራርቦ በስክሪኑ ላይ ያወጣዋል። ከሁሉም ደማቁ የታችኛው ነው፤ በሕይወቱ መጀመሪያ የያዘው ጉንፋን። ሰውነት ያንን የመጀመሪያውን አይረሳውም። ኋላ የሚመጣውን ሁሉ የሚለካው በእሱ ነው። አዲሱ መጤ የመጀመሪያው ዘመድ ከሆነ ቶሎ ይነቃበታል፤ ባዕድ ከሆነ ግን በአሮጌው መሣሪያ እየተታኮሰ ጊዜ ያባክናል።

ኢንፍሉዌንዛ ደግሞ ዘመዱ ብዙ ነው። ሰውን የሚያስቸግሩት በሁለት ትልልቅ ቤተሰብ ይከፈላሉ። በየዓመቱ አናታቸውን ይለዋውጣሉ፤ የወቅት ጉንፋን በየዓመቱ አዲስ የሚመስለን ለዚህ ነው። እግራቸው ግን ብዙም አይለወጥም። ባርኔጣውን የሚቀያይር ሰው ባረማመዱ እንደሚታወቅ ሁሉ፣ የቤተሰቡን እግር አስቀድሞ የሚያውቅ ሰውነት አዲሱንም በእግሩ ይይዘዋል። ሽማግሌዎቹ በልጅነታቸው የያዛቸው ጉንፋን ከዶሮዎቹ ጉንፋን ጋር የአንድ ቤተሰብ ነበር። ጎረምሶቹ የተወለዱት ያ ቤተሰብ ከሰው መሐል ጠፍቶ ሌላው በነገሠበት ዘመን ነው።

«የእኛ ልጆችስ?» አለ ኢብሳ።

«የእኛ ልጆች ምንም ሽፋን የላቸውም። ባዶ ናቸው።»

ሕጉ አጭር ነው፤ መከላከያ የሌለው አንድ ሰው እንኳ ከተማው ውስጥ እያለ በሩ አይከፈትም። ለመላው ከተማ ክትባት ለመሥራት ወራት ያስፈልጋል። ሰረገላ ደግሞ ወራት መጠበቅ አትችልም። ምድርና ማርስ በየቀኑ እየተራራቁ ስለሆነ፣ በሩ በዚህ ሳምንት ካልተከፈተ ተሳፋሪዎቿን እንደያዘች መመለስ አለባት። አቶ ቢተው ሌላ ዙር የሚጠብቁበት ዕድሜ የላቸውም። ትርንጎ ይህን ታውቃለች፤ እሳቸውም ያውቃሉ።

በስክሪን ደወለችላቸው። አቶ ቢተው የመርከቧን ሰማያዊ ካፖርት ደርበው፣ ፂማቸው አድጎ፣ ፈገግ ብለው ብቅ አሉ።

«እኔ ድኛለሁ ልጄ። አንድ ሁለት ቀን አሳለኝ፣ አለቀ። እዚህ ያለው ሐኪም ደምህ ንጹሕ ነው፣ ቫይረሱ ለቆሃል ብሎኛል። ባይሆን አንቺ ከስተሻል።»

«አባባ፣ በሩን መክፈት ላልችል ነው።»

አቶ ቢተው በሩ እዚያ ያለ ይመስል ወደ ጎን ዞር ብለው አዩ።

«ልጆች አሉ አይደል እዚያ ውስጥ?» አሉ።

«አዎ። ብዙ።»

«እንግዲያው ምን ያከራክራል? እመለሳለኋ። መልክሽን አየሁት፣ ድምፅሽን ሰማሁት፤ ይበቃል።»

አይበቃም ነበር። አባትየውም እንደማይበቃ ያውቃሉ፤ ካፖርታቸውን ሳይበርዳቸው አጥብቀው መያዛቸው ያስታውቅባቸዋል። ትርንጎ ስክሪኑን ካጠፋች በኋላ እያለቀሰች ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ለምክር ቤቱ ለምታቀርበው ሪፖርት የልጆቹን ደም ማስነበብ ቀርቷታል። ባዶ መሆናቸውን ብታውቅም ማስረጃ ያስፈልጋል።

አስታዋሽ የመጀመሪያውን ልጅ አነበበ። ከታች አንድ ደማቅ ሽፋን ወጣ።

ትርንጎ ደሙን ለወጠች። የሁለተኛዋም ልጅ እንደዚያው። የሦስተኛው፣ የአራተኛዋ፣ የመንትዮቹ፣ የዳቦ ጋጋሪው ልጆች በሙሉ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ሽፋን አላቸው። እነዚህ ልጆች ከከተማው ወጥተው አያውቁም። በሕይወታቸው መጣጩ አንድም ቀን ቫይረስ አግኝቶባቸው አያውቅም።

«ኢብሳ፣ መሣሪያው አብዷል» አለች። «ንጽሕናው ተበላሽቶ ይሆናል። ፍታልኝ፣ እጠብልኝና እንደ ገና እንጀምር።»

ኢብሳ አልተንቀሳቀሰም። መልስም አልሰጠም። ኢብሳ ዝም የሚል ሰው ስላልሆነ ትርንጎ ቀና ብላ አየችው። ጆሮው ቀልቷል።

«መሣሪያውን አትስደቢው» አለ በመጨረሻ። «እሱ ምንም አላጠፋም።»

«እና ማነው ያጠፋው?»

«ጋሽ ደባልቄ ትዝ ይሉሻል? ታመው የዘጋሽባቸው ጊዜ?»

ትዝ ይሏታል። ጋሽ ደባልቄ ባለፈው መርከብ የመጡ የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። እንደደረሱ ተራ የወቅት ጉንፋን ተገኘባቸውና ለይቶ ማቆያ አስገባቻቸው። ድነው ወጡ፤ ማንም አልተያዘም። ትርንጎ በዚያ ሥራዋ ትኮራ ነበር።

«ማንም ጋ አልተላለፈም» አለች።

«ተላልፏል።»

«ለማን?»

ኢብሳ ጣቱን ወደ ስክሪኑ ቀሰረ። የልጆቹ ስም ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል።

«ጠይቀናቸው ነው» አለ። «ሰው ታሞ፣ ያውም እንግዳ፣ ያውም ዘመድ የሌለው፣ ዝም ይባላል እንዴ?»

«በስክሪን ጠይቁ ብዬ አልነበረም? ስክሪን አላስቀመጥኩም?»

«በስክሪን መጠየቅ መጠየቅ ነው? አጥሚቱስ በምን ይገባል?»

ትርንጎ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ኢብሳም አንዴ ከጀመረ ወዲያ አልቆመም። ጋሽ ደባልቄ የቧንቧ ሰው ስለሆኑ ከለይቶ ማቆያው ክፍል ጀርባ የማጣሪያ መለወጫ መተላለፊያ እንዳለ ከግድግዳው ድምፅ አውቀዋል። ብቸኝነቱ ሲያስጨንቃቸው ትንሿን በር ከፈቷት። የመጀመሪያዋ ጎረቤት አጥሚት ይዛ ገባች። እሷ ለአንድ ሰው ነገረች፤ ያ ሰው ለሁለት። ወዲያው መተላለፊያው ውስጥ ሰልፍ ተሠራ። በዚያ ሳምንት ከላይ የአቧራ ማዕበል ስለነበር መጣጮቹ በሙሉ ለጥገና ጠፍተዋል፤ ስለዚህ ኋላ ከተማው በሙሉ ሲያስነጥስ «ይማርህ» የሚል አልነበረም። ሰውም እርስ በርሱ «አቧራው ነው፣ አቧራው ነው» ተባብሎ አለፈው።

«ልጆቹንም ይዛችሁ?»

«ለማን እንተዋቸው ታዲያ? ጋሽ ደባልቄ ደግሞ ተረት ያውቃሉ።»

«አንተም ሄድክ?»

«ሁለቴ ብቻ ነው» አለ ኢብሳ፣ ሁለቴ መሄድ ከአንዴ ያነሰ ጥፋት ይመስል። «ወገቤን አሞኛል ብዬ ከሥራ የቀረሁት ያኔ ነው። እንዳላስይዝሽ ብዬ።»

ትርንጎ ተናደደች። ንዴቷም ልክ ነበር፤ ደንቡን ያወጣችው ለቀልድ አይደለም። ግን ንዴቷ ሳያልቅ ሌላ ነገር መጣባት። ያን ሰሞን መንገድ ላይ ያገኛት ሰው ሁሉ አቅጣጫ ይቀይር ነበር። ዳቦ ቤት ስትገባ ሰዉ ሹልክ ሹልክ ብሎ ይወጣ ነበር። ምስኪን ሽማግሌ ላይ በር ዘጋች ብለው ጠሉኝ ብላ ደምድማ፣ ይህንኑ ለሁለት ዓመት ሆዷ ውስጥ ይዛው ኖራለች።

«እኔ የጠላችሁኝ መስሎኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«አንቺን? ፈርተንሽ ነው እንጂ። ደግሞም ሁላችንም ንፍጥ በንፍጥ ሆነን እንዴት እንጠጋሽ?»

መሳቅ አልፈለገችም፤ አመለጣት። ሳቋ ሲበርድ ግን ከወንበሯ ብድግ አለች። ጋሽ ደባልቄ የያዛቸው ጉንፋን የየትኛው ቤተሰብ እንደነበር ድንገት አስታውሳለች። በልጅነቷ ዘመን ጠፍቶ የነበረው የሽማግሌዎቹ የጉንፋን ቤተሰብ በኋላ ምድር ላይ ተመልሶ ነበር፤ የጋሽ ደባልቄ ጉንፋን የእሱ ነው። የዶሮዎቹም የእሱ ነው።

ከመርከቧ በታሸገ ቱቦ የተላከላትን የሞተ ቫይረስ ከልጆቹ ደም ጋር በብልቃጥ አዋሐደች። ማጉያው ሥር አስቀምጣ ጠበቀች። ኢብሳ ከጀርባዋ ቆሟል። በደሙ ውስጥ ያሉት ፀረ እንግዳ አካላት፣ ሰውነት ቫይረስ የሚይዝባቸው እነዚያ ጥቃቅን መንጠቆዎች፣ በአዲሱ ቫይረስ አናት ላይ መያዣ አጥተው ተንሸራተቱ። ከዚያ ዝቅ ብለው እግሩን አገኙት። አንዱ ያዘ፤ ከዚያ ሌላው፤ ከዚያ ተረባረቡበት።

«በእግሩ ያዙት» አለች ትርንጎ።

«ስለዚህ አይታመሙም?»

«ይታመማሉ። ያስነጥሳሉ፣ ይተኛሉ፣ ይነሣሉ። ኦክስጅን ግን አያስፈልጋቸውም።» ከዚያ ዞር ብላ ኮስተር አለችበት። «ይህ ዕድል ነው፤ ብልሃት አይደለም። የጋሽ ደባልቄ ጉንፋን ክፉ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ መቃብር ነበር። የሌላው ቤተሰብ ሆኖም ቢሆን ለዛሬው አይጠቅመንም ነበር። ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል።»

«ሁለተኛ አጥሚት ይዘህ በጓዳ በር ባገኝህ...»

«ገብቶኛል አልኩሽ።»

በቀጣዮቹ ቀናት ከተማው በሙሉ ጣቱን ለአስታዋሽ ሰጠ። ሰው ሁሉ እየሳቀ ገብቶ እያፈረ ወጣ፤ የጋሽ ደባልቄ ሽፋን የሌለበት ሰው አልተገኘም፤ ከዚያ ሰሞን ወዲህ የተወለደ ሕፃንም አልነበረም። ራሳቸው ጋሽ ደባልቄ ሲመጡ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙና ይቅርታ ጠየቁ። ትርንጎም ለጊዜው ይቅር አላልኩም ብላ ደማቸውን ወሰደች።

በመጨረሻ የቀረችው ራሷ ናት። ላቦራቶሪው ውስጥ ብቻዋን ሆና ጣቷን ሰጠች። ከታች ደማቅ ሽፋን ወጣ፤ የሌላው ቤተሰብ ጉንፋን፣ በሦስት ዓመቷ ገደማ የያዛት። ከዚያ በላይ ሌሎች ቀጫጭን ሽፋኖች አሉ፤ ሁሉም የዚያው ቤተሰብ ናቸው። በእሷ ዕድሜ ያሉ ሌሎች ሰዎችም ከታች እንደዚሁ ነበሩ፤ ግን ከላይ የጋሽ ደባልቄን ደርበዋል። እሷ አልደረበችም። ከተማው ውስጥ የዶሮዎቹን ጉንፋን እግር የማያውቅ ሰውነት አንድ ብቻ ነው፤ የጤና ኃላፊዋ።

ስክሪኑን ማጥፋት ትችላለች። ማንም አላየም። ለአፍታ ያህል እጇ ወደ ማጥፊያው ሄደ፤ ይህን ከአንባቢ መደበቅ አያስፈልግም። ከበሩ ወዲያ አባቷ አሉ፤ በሩ የሚከፈተው ደግሞ አንድም ሰው ካልቀረ ነው። ግን አንድ ሰው ቀርቷል። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ስሙን ለምክር ቤቱ ከመስጠት እንደማታመነታ ታውቃለች። እጇን መለሰችና ወደ አዳራሹ ሄደች።

የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ወይዘሮ በለጡ ናቸው፤ ቁመታቸው አጭር፣ ንግግራቸውም አጭር። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ትርንጎ ያገኘችውን አንድ በአንድ አስረዳች። ስለ ትንሿ በር ስትናገር አዳራሹ በሙሉ መሬት መሬቱን አየ፤ ወይዘሮ በለጡም ጭምር።

«በአጭሩ፣» አሉ ወይዘሮ በለጡ፣ «ይከፈታል ወይስ አይከፈትም?»

«መከላከያ የሌለው አንድ ሰው አለ፣ እትዬ በለጡ።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ወይዘሮ በለጡ ጠረጴዛውን መቱ።

«ማነው እሱ?» አሉ። በእውነት ተቆጥተዋል። «ማነው እሱ ይህ ሁሉ ሰው ሲሄድ በሽተኛ ሳይጠይቅ የቀረ?»

«እኔ ነኝ።»

አንድ ልጅ ሳቀ፤ ከልጁ ወደ እናቱ፣ ከእናቱ ወደ ቀሪው ተላለፈና አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ትርንጎም አብራ ሳቀች፤ ሳቁ ላይ ግን ዕንባ ነበረበት። ጋሽ ደባልቄ ከኋላ ተነሡ።

«እንዳትሳሳቱ» አሉ። «እሷ በቀን ሦስቴ ትጠይቀኝ ነበር፣ በመስታወቱ በኩል። መድኃኒቴን የሰጠችኝም፣ ያዳነችኝም እሷ ናት። ሳሌ ብቻ ነው ያልደረሳት።»

ከዚያ በኋላ ክርክሩ አልረዘመም። ለከተማ ሙሉ ክትባት ለመሥራት ወራት ቢፈጅም ለአንድ ሰው የሚሆን በጥቂት ቀን ይደርሳል፤ ሰውነቷ እስኪማረው ደግሞ ሁለት ሳምንት። እስከዚያ ትርንጎ ከከተማው እንደወጣች ተቆጥራ በራሷ ለይቶ ማቆያ ውስጥ ትቀመጣለች፤ በሩም ይከፈታል። ሐሳቡን ያቀረበችው ራሷ ናት። ከመግባቷ በፊት የማቆያውን የጀርባ ትንሽ በር በእጇ በብረት ማጣበቂያ አሸገቻት። ጋሽ ደባልቄ ማጣበቂያውን ሲያቀብሏት ትንሽ ከፋቸው።

በሩ ሲከፈት በስክሪን ነው ያየችው። የመርከቧ ሰዎች እየተደጋገፉ ወጡ፤ ከተማውም እየተጋፋ ተቀበላቸው። ልጆቹ ዶሮዎቹ የታሉ ብለው ጠየቁ፤ መልሱን ሲሰሙ ጥቂቶቹ አለቀሱ። አንድ ጎረምሳ ገና አቅፈው ሳይጨርሱት አስነጠሰ፤ መጣጮቹ በየአቅጣጫው ወረዱ፤ ይማርህ፣ ይማርሽ፣ ይማርህ የሚለው ድምፅ ጎዳናውን ሞላው። አባቷን ግን ከሕዝቡ መሐል አላየቻቸውም።

አቶ ቢተው በሌላ በር ነበር የመጡት። ከመርከቧ ወርደው፣ ከማንም ሳይጨባበጡ፣ በመታጠቢያው ክፍል አልፈው፣ አዲስ ልብስ ለብሰው፣ ኢብሳን አስከትለው ከመስታወቱ ወዲያ ቆሙ። እጃቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ።

«ከተማውን አላዩም እንዴ?» አለች። ድምፅዋ ራሷን አላሳመናትም።

«ከተማው የት ይሄዳል? ይኸ ልጅ ነገረኝ። ታሞ የዳነና ቫይረሱ የለቀቀው ሰው ከመጣ፣ ከከተማው ሰው ጋር ሳይቀላቀል አንቺ ጋ መግባት ይችላል አለኝ። ከገባሁ ግን ሁለቱን ሳምንት አልወጣም። ይሁን አልኩት። ከዚህ የበለጠ ምን ሥራ አለኝ?»

«ደማቸውን ላንብብና» አለ ኢብሳ፣ ለወግ ያህል ኮስተር ብሎ።

አስታዋሽ የአቶ ቢተውን ሽፋኖች አንድ በአንድ ደረደረ። ከላይ የዶሮዎቹ ጉንፋን፣ የዳነ፣ ቫይረስ የሌለበት። ከታች ደማቁ የልጅነታቸው። መሐል ላይ ግን አንድ ሽፋን ላይ ሲደርስ መሣሪያው ጮኸ። የሚጮኸው በሁለት ሰዎች ደም ውስጥ ያለው ሽፋን ቁርጥ አንድ ሲሆን ነው፤ አንዱ ለአንዱ በቀጥታ ያስተላለፈው ሲሆን። ኢብሳ ስክሪኑን ወደ መስታወቱ አዞረላት። ከአባቷ ሽፋን አጠገብ የእሷ የመጀመሪያ ሽፋን ተቀምጧል።

«አባባ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

አቶ ቢተው ዓይናቸውን አጥብበው አዩት።

«እሱ ነው? ሦስት ዓመትሽ ነበር። እናትሽ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥታለች። ትኩሳትሽ አልወርድ አለ። ሐኪሙ ማስክ አድርግ፣ ለብቻዋ አስተኛት፣ አትጠጋት አለኝ። አስተኛሁሽ። አለቀስሽ። ማስኬን አድርጌ መጣሁ፤ ፊቴን ስታጪው የባሰ አለቀስሽ። ምን ላድርግ? አወለቅሁትና ደረቴ ላይ አስተኛሁሽ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ታመምኩ። ተኝቼ ተነሣሁ። ይኼ ደግሞ ይነገራል?»

ትርንጎ አስታዋሽን የሠራችው ማን ለማን አደጋ እንደሆነ ለማወቅ ነበር። የመላ ከተማዋን ሽፋን ስታነብ ከርማለች፤ ቤተሰቡን፣ ዓመቱን፣ ብርታቱን። እያንዳንዱ ሽፋን አንድ ሰው ወደ ሌላ ሰው የቀረበበት ቀን መሆኑን ግን አላሰበችም። አንዱ ሌላውን ታቅፎ፣ ወይ በአንድ ማንኪያ አጉርሶ፣ ወይ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነው የመጣው። ከማንም ያልተጠጋ ሰው ደም ንጹሕ ነው፤ የሚያስታውሰውም ነገር የለም።

ኢብሳ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መሣሪያው የዚህን የአባትሽን ሽፋን ምንጭ ሙላ እያለኝ ነው» አለ። «አላልፍ ብሏል። ያልታወቀ ልበል?»

ትርንጎ ወደ በሩ ሄዳ መቆለፊያውን ከውስጥ ከፈተች።

«እኔ ነኝ በል» አለችው።